የባላምባራስ ስንሻው ሁለተኛ ዓይን

ከጅቡቲ ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ባሕሩ ነው። እንግዲያው ባሕሩን አስቀድሜ ልገላገለው። ባሕሩ ትልቅ ነው። ውሃው ጨው ነው፤ ቀምሼዋለሁ። ጠዋት አንድ ቀለም አለው፣ ማታ ሌላ። ከዚህ የበለጠ የሚተርክላችሁ ሰው ካለ ወይ አላየውም ወይ የመርከብ ቲኬት ሊሸጥላችሁ ነው። እኔ የሄድኩት ባሕር ለማየት ሳይሆን ልጆች በእጃቸው የሠሯቸውን መጻሕፍት ለመዳኘት ነበር። የምጽፈውም እሱን ነው፤ እዚያ አገር የመሄድ ሐሳብ ለሌላችሁ፣ እኔም ሂዱ ብዬ ለማልመክራችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጅቡቲ የሚኖሩ አንድ ሀብታም ነጋዴ፣ ባላምባራስ ስንሻው የሚባሉ፣ በዚያ ካሉት የሐበሻ ልጆች አንዱን መርጠው አዲስ አበባ እኛ ትምህርት ቤት በአዳሪነት ሊያስተምሩ ፈለጉ። የሚመረጠው ከሁሉ የተሻለ መጽሐፍ የሠራው ልጅ ነው፤ ራሱ ጽፎ፣ ራሱ ሥሎ፣ ራሱ ጠርዞ። "ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ዳኛ ላኩልኝ" አሉ። ዲሬክትሪሳችን እኔን የመረጡት ሌሎቹ መምህራን ሙቀቱን ፈርተው እምቢ ስላሉ ነው። ሁለተኛ ምክንያትም ነበራቸው፤ "እኛም ትንሽ ከአፍሽ እንረፍ" ብለው ፊት ለፊት ነግረውኛል። እኔም ትምህርቴን ጨርሼ ለትንንሾቹ ፊደል ማስቆጠር ከጀመርኩ ወዲህ ግድግዳው ይጠበኝ ስለነበር፣ ነግረውኝ ሳይጨርሱ እሺ አልኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ከለገሀር ተነሣሁ። ሊሸኙኝ የመጡት ዘመዶቼ ዘመቻ የምሄድ ይመስል ያለቅሱ ነበር። እናቴ ብቻ አላለቀሰችም፤ ጊዜ አልነበራትም፣ ቂቤ ትጠቀልል ነበር። "ሰው ቤት ባዶ እጅሽን አትገቢም" ብላ አንድ ትልቅ ቅል ሙሉ ንጥር ቂቤ በኩታ አስራ አሸከመችኝ። እኔ ካርታ ማንበብ ተምሬያለሁ። ቆላና ደጋ እንዴት እንደሚለያዩም ፈተና ላይ በሚያምር ጽሑፍ መልሻለሁ። ቂቤ ቆላ ሲወርድ ምን እንደሚሆን ግን ለአንድ አፍታ እንኳ አላሰብኩም። አዲስ አበባ ላይ ድንጋይ የነበረው ቂቤ ሞጆን ስናልፍ ለሰለሰ፤ አዋሽ ስንደርስ በቅሉ ውስጥ ይንቦጫረቅ ጀመር።

ባቡሩ በጨለማ አይሄድምና አዋሽ አደርን። አንደኛ ማዕረግ የተሳፈሩት ፈረንጆች ሆቴል ገብተው በሹካ በሉ። ሦስተኛ ማዕረግ የተሳፈሩት መሬት ላይ አንጥፈው፣ ሞሰብ ከሞሰብ አጋጥመው፣ እየተሳሳቁ በሉ። እኔ ሁለተኛ ማዕረግ ስለነበርኩ ከሁለቱም ሳልሆን አግዳሚ ወንበር ላይ በሶዬን በጨዋ ደንብ ብቻዬን በላሁ። ሁለተኛ ማዕረግ ማለት ይኸው ነው፤ የማንም አለመሆን።

ረቡዕ ቂቤው ተበቀለኝ። ቅሉ ያለው ከላይ መደርደሪያው ላይ ነው፤ ከሥሩ ነጭ ባርኔጣ ያደረገ ግሪክ ተቀምጧል። ጠብ። ቆየት ብሎ ጠብ። ግሪኩ መጀመሪያ ዝናብ መስሎት ጣሪያውን አየ። ቀጥሎ ባርኔጣውን አውልቆ አሸተተው። እኔ በየትኛው ቋንቋ እንደሚሰድበኝ እያሰብኩ አንገቴን ስቀብር፣ እሱ በጠራ አማርኛ "ኮረሪማው በዛ" አለኝ። ከዚያ ከሻንጣው ባዶ የወይን ጠጅ ጠርሙስ አውጥቶ፣ ባቡሩ እየናጠን፣ እሱ ጠርሙሱን እኔ ቅሉን ይዘን ገለበጥነው። ግማሹ ጠርሙሱ ውስጥ ገባ፣ ሌላው ቀሚሴ ላይ። ረቡዕ ነበርና ጣቴን እንኳ መላስ አልቻልኩም። ድሬዳዋ ስንደርስ ቤቱ ወስዶ ሚስቱን አስተዋወቀኝ፤ የሐረር ሴት ናት። ቀሚሴን አወለቀችልኝ፣ አጠበችልኝ፣ ብርቱካን እስኪያቅተኝ አበላችኝና "ምን ዓይነት እናት ናት ቂቤ ወደ ጅቡቲ የምትልክ" ብላ እናቴን አማችልኝ። በሰው አገር እናቱን የሚያማለት ሰው ያገኘ እንግዳ አልተቸገረም።

ከድሬዳዋ ወዲያ ያለው አገር አንድ ሰው ምድጃውን ጠርጎ የደፋው ይመስላል። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ጥቁር ድንጋይ ስናይ ዋልን። እኛ ዘንድ ፍየል ቅጠል ትበላለች፤ እዚያ ፍየሎቹ ድንጋይ እየላሱ ሐሳብ ሲያስቡ ነው ያየኋቸው። ድንበሩ ላይ ይለፍ የሚያየው ሹም ብቻዬን መሆኔን አይቶ "የማን ቤት ነው የተቀጠርሽው?" አለኝ።

"አልተቀጠርኩም።"

"መነኩሴ ነሽ?"

"አይደለሁም።"

የቀረችውን ጥያቄ አፍሮ ሊተዋት ሲል "ዳኛ ነኝ" አልኩት። እስኪበቃው ስቆ ይለፌ ላይ ማኅተሙን አሳረፈው።

ጅቡቲ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር፤ ሙቀቱ ግን አብሯት የመጥለቅ ሐሳብ አልነበረውም። ጣቢያው ላይ የጠበቁኝ የሚያሳድሩኝ ሴት፣ እትዬ ዘነበች፣ ከልጃቸው ከአስካለ ጋር ናቸው። እትዬ ዘነበች የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበረ ባላቸው ሞቶባቸው ለባቡር ሠራተኞች ወጥ እየሠሩ የሚኖሩ ናቸው። አስካለ አሥር ዓመት ቢሆናት ነው። አማርኛ ከእናቷ ተምራለች፣ ሱማሌኛ ከሰፈሩ፣ ዓረብኛ ከሱቁ፣ ፈረንሳይኛ ደግሞ "ከዚህ ሂጂ!" እያሉ ከሚያባርሯት ሰዎች። ጠርሙሱን ስሰጣቸው እትዬ ዘነበች ብርሃን ላይ ይዘው አዩት። "ወይን ነው?" "ቂቤ ነው።" "በጠርሙስ?" "ተሳፍሮ መጥቶ ነው።" ሰፈር እስክንደርስ ሳቁ።

ሰፈሮቹ ስም የላቸውም፣ ቁጥር ነው ያላቸው። ካርቲየ አንድ፣ ካርቲየ ሁለት እየተባለ ይቀጥላል። እኛ ዘንድ ሰፈር በራስ እገሌና በደጃች እገሌ ስም ይጠራል፤ ባለስሙ ቢሞትም ሰፈሩ ይኮራል። በቁጥር ሰፈር ማን ይኮራል? እትዬ ዘነበች ግን "የካርቲየ ሦስትን ሰዎች ኩራት ባየሽ" ብለው ከንፈራቸውን ጠመዘዙ። ይኮራል ለካ። ቤት ውስጥ ሰው አይተኛም፤ ቤት የሣጥን ማደሪያ ነው። ሁሉም የገመድ አልጋውን ደጅ አውጥቶ ይተኛል። ያላቸው አንድ አልጋ ነበር፤ ለእኔ ሰጥተው እሳቸውና ልጃቸው ሰሌን ላይ ተኙ። እምቢ ብል "ዳኛ መሬት አይተኛም" አሉኝ። አንሶላውን በውሃ ነክረው ጨምቀው ሲያለብሱኝ ሞቼ የሚገንዙኝ መስሎኝ ነበር፤ ያን የመሰለ እንቅልፍ ግን አዲስ አበባም ተኝቼ አላውቅም።

ዓርብ ጠዋት ዓሣ ቀረበልኝ፤ የየመን ሰዎች በጉድጓድ ምድጃ ግድግዳ ላይ ለጥፈው ከሚጋግሩት ትኩስ ቂጣ ጋር።

"እትዬ፣ ዓርብ አይደለም እንዴ?"

"ነው እንጂ። ዓሣ ጾም ነው፤ የልጆቹ አስተማሪ የኔታ ፈቅደዋል።"

"በየትኛው መጽሐፍ?"

"በየትኛው መጽሐፍ ትለኛለች! ልጄ፣ እዚህ አገር ጎመን ሲበቅል አየሽ?"

መጀመሪያ ቂጣውን ብቻ በላሁ። ከዚያ ዓሣውን አሸተትኩት። ከዚያ የኔታን አከበርኳቸው።

እየበላሁ እያለ እትዬ ዘነበች አስካለን ውሃ ቅጂ ብለው ላኩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እንግዲህ ዳኛዋ አንቺ ነሽ። እንድታዳይልኝ አልጠይቅሽም። እንድታውቂው ያህል ነው። ካልተመረጠች ለወር መባቻ ፈረንጅ ቤት ትገባለች። ሰው ልኬ ጨርሻለሁ። ልጅ ታዝላለች፣ ሰሐን ታጥባለች፣ እዚያው ታድራለች። እኔም በሷ ዕድሜ ነው የገባሁት።"

"እንዴት ነበር?"

"ደኅና ናቸው። በስምሽ ግን አይጠሩሽም" አሉና ሰሐኑን አነሡት።

የኔታ የሚያስተምሩት ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ነው። ክፍሏ የባላምባራስ ናት፤ ልጆቹ ሰባት ናቸው። መጻሕፍቱ አይጥ እንዳይበላቸው በመርከብ ሸራ ማኅደር ተደርገው በሚስማር ላይ ተንጠልጥለው ነበር። አንድ በአንድ አውርጄ አየሁ። እውነቴን ነው፣ ከሄድኩበት አገር ሁሉ የሚታይ ነገር ይኸው ነበር። ብራና የለም፤ ስኳር የመጣበትን ሰማያዊ ወረቀት በውሃ አርጥበው፣ በድንጋይ ተጭነው፣ አለስልሰው ነው የጻፉበት። የሰፉት በጆንያ ክርና በወስፌ ነው። ጥቁሩ ቀለም የፋኖስ ጥላሸት ነው፤ ሰማያዊው ለነጭ ልብስ ማጠቢያ የሚሆነው፤ ቀዩ ወደብ ላይ ሣጥን የሚጻፍበት። ሽፋኑ የሻይ ሣጥን እንጨት ሆኖ የፍየል ቆዳ ለብሷል፤ አንደኛው ላይ ቆዳው ሳይፋቅ ቀርቶ ጠጉር አለው፤ ስታነቡት የምትደባብሱት መጽሐፍ ነው።

እዚያ የተወለዱ ልጆች ስለሆኑ ተራራ አይተው አያውቁም። አንዱ አገራችንን ሲሥል የቡና ጆንያ ቆልሎ ቆልሎ ጫፉ ላይ ቤት ሠርቷል። መላእክቱ የጉምሩክ ዘበኛ ባርኔጣ አድርገዋል። ገሃነም ምንም አልተለፋባትም፤ ጅቡቲ ናት፤ ገነትን ግን ዝናብ የሚዘንብባት አድርገዋታል።

የሁሉም መጽሐፍ ታሪክ አንድ ነው። ባላምባራስ የራሳቸው ሕይወት እንዲጻፍ አዘዋልና ሰባቱም ልጆች እንደ ቅዱሳን ገድል ጽፈውታል፤ የቅዱስ ስም በቀይ እንደሚጻፍ የባላምባራስንም ስም በቀይ። አንዱ እንዲህ ይላል፦ "ባላምባራስ ተወለዱ። እናታቸውም ደስ አላቸው። ከዚያ ሱቅ ከፈቱ።" ተአምራትም አለው። "ተአምር አንድ። መርከብ ዘገየ ተብሎ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ ባላምባራስ ብቻ ስኳር ነበራቸው። እጅግም አስወደዱት። አሜን።"

ሥዕሉ ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። በስድስቱ መጽሐፍ ባላምባራስ በጎናቸው ነው የተሣሉት፤ አንድ ዓይን፣ አንድ ጆሮ፣ የሾለ አፍንጫ። ሲወለዱም በጎን፣ ሲጸልዩም በጎን።

"የኔታ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ገድል ነው።"

"አንድ ዓይን ብቻ ነው ያላቸው። በጎን የሚሣለው ማን እንደሆነ ልጆቹን አላስተማሯቸውም?"

"ደኅና አድርጌ አስተምሬያለሁ!" አሉ የኔታ ተቆጥተው። "ሰይጣን በጎን። ይሁዳ በጎን። ጌታን የገረፉት ጭፍሮች በጎን። ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን። ይህን የማያውቅ ተማሪ የለኝም።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ ባላምባራስ 'በጎን ይሣሉኝ' ብለው አዘዙ። ባለቤቱ ሲያዝ እኔ ማን ነኝ?"

"ትርጉሙን ሳይነግሯቸው?"

"አልጠየቁኝማ። እኔም ቀለም ይግዙልኝ ብዬ ስንት ጊዜ ስለምን አልመለሱልኝም።" ጺማቸውን ዳበሱ። ሰውየው በጣም ተደስተው ነበር፤ መደሰታቸው ደግሞ አስፈርቷቸዋል። "ወይዘሪት ሒሩት፣ አደራሽን እስከ እሁድ፣ ምርጫው እስኪያልቅ አፍሽን ያዢልኝ። ክፍሉ የሳቸው ነው። ከተቆጡ ሰባቱንም ይዤ ፀሐይ ላይ ነኝ።"

አፌን እንድይዝ የለመነኝ ሰው በሕይወቴ ብዙ ነው፤ እሺ ያልኩት እሳቸውን ብቻ ነው። እሺ ማለቴም ደግ አልነበረም። ሰባተኛው የአስካለ መጽሐፍ ነበርና። በሱ ላይ ባላምባራስ ፊት ለፊት ቆመው፣ በሁለት ትልልቅ ዓይን፣ በወፍራም ቅንድብ፣ ጨው ሲመዝኑ አንባቢውን ያያሉ።

ቅዳሜ ምሳ ባላምባራስ ቤት ተጋበዝኩ። ቤታቸው ድንጋይ ነው፣ በኖራ የነጣ፣ ሰገነት ያለው። ውሃ ሲያቀርቡልኝ ብርጭቆው ውስጥ በረዶ ነበር። እኛ ዘንድ በረዶ ከሰማይ ሲወርድ ማሳ ያጠፋል፣ ሰው ይሸሸዋል፤ እዚያ በፋብሪካ ሠርተው ለእንግዳ ያቀርቡታል። ባላምባራስ ወፍራም፣ ንግግራቸው የሚጥም፣ ለእንግዳ የማይሳሱ ሰው ናቸው። በሕፃንነታቸው ከሲራራ ነጋዴ ጋር ወርደው ወደብ ላይ ያደጉ ናቸው፤ ሥዕል ያለበት ቤተ ክርስቲያን ፊት ቆመው አያውቁም። ያገሩ ጸሎት ቤት ግድግዳው ኖራ ብቻ ነው። ስለ ሥዕል የሚያውቁትን ሁሉ የተማሩት ከገንዘብ ነው።

"ይህችን ሴትዮ ተመልከቻት" አሉኝ ጠገራ ብር አውጥተው። "ማን ናት? የሚያውቃት የለም። ግን ከዚህ እስከ ጎጃም እሷን አልቀበልም ያለ ሰው አይተሻል? ለምን ይመስልሻል? በጎን ስለሆነች ነው! የኛም ንጉሥ ብራቸው ላይ በጎን ናቸው። ፊት ለፊት የሚታይ ማን ነው? ፎቶግራፍ የሚነሣ እስረኛ!"

በረዶውን አፌ ውስጥ አደረግኩት፤ ሌላ ዝም የምልበት ዘዴ አላገኘሁም።

ከምሳ በኋላ የቆርቆሮው ክፍል ሄደን መጻሕፍቱን አዩ። ገጽ በገለጡ ቁጥር እንደ ጠገራዋ ሴትዮ አንገታቸውን ቀጥ እያደረጉ ይስቁ ነበር። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ሳቃቸው ቆመ።

"ይሄ የማን ነው?"

"የእኔ" አለች አስካለ።

"እንዴት እንድትሥሉኝ ነበር ያዘዝኩት?"

"በጎን።"

"ታዲያስ?"

ጣቷ ላይ የደረቀውን ቀለም ትፍቅ ጀመር።

"ትእዛዝ የማይሰማ ልጅ አዲስ አበባ ሄዶ ምን ይሠራል? ይሄ አይገባም፤ አውጡልኝ።" አስካለ መጽሐፏን ወስዳ አግዳሚው ሥር አስገባችው። ቤት ስንመለስ እትዬ ዘነበች የልጃቸውን ሁለት ቀሚስ አውጥተው ያጥቡ ጀመር፤ ፈረንጅ ቤት የምትገባ ልጅ ቆሽሻ አትሄድም። ቁልፉ የላላውን ሲያጠብቁ "በዚህ ሙቀት ምን ያለ ክር ነው" ብለው ክሩን ሰደቡት። በነጋታው ለየኔታ የገባሁትን ቃል እንደማልጠብቅ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ነጭ በነጭ ለብሶ ወደ ክፍሉ ጎረፈ። መጻሕፍቱ ተገልጠው ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል፤ ባላምባራስ ካባቸውን ደርበው ከጎናቸው ቆመዋል። የአንድ የወደብ ሹም ሚስት፣ ሥዕል ትወዳለች የተባለች ማዳም፣ ትመጣለች ተብሎ ወንበር ተዘጋጅቷል።

መጀመሪያ የገቡት ሽማግሌዎች ናቸው። አዩ። እርስ በርሳቸው ተያዩ። እንደገና አዩ። አንድ የባቡር መካኒክ ሳል እንደያዘው ሰው አፉን ሸፍኖ ሮጦ ወጣ፤ ከውጭ የተሰማው ግን ሳል አልነበረም። ሴቶቹ ነጠላቸውን ነክሰው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

"አየሽ" አሉኝ ባላምባራስ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ "ሰዉ ልቡ ተነካ። በይ ዳኛዋ፣ የትኛው ነው?"

"ሰባተኛው የታለ?"

"እሱን ተይው አላልኩም?"

"ባላምባራስ፣ ከዚህ ሁሉ ልጅ ሁለት ዓይን የሰጠችዎ እሷ ብቻ ናት። እኛ አገር በጎን የሚሣለው ሰይጣንና ይሁዳ ነው።"

ቀስ ብዬ ነው ያልኩት፤ ችግሩ የኔ ቀስታ ለሌላ ሰው ጩኸት መሆኑ ነው። ባላምባራስ ፈገግታቸውን ሳይከድኑ፣ በአጠገባቸው ወደቆሙት አሮጊት መነኩሴ ዞሩ። "እማሆይ፣ ምን ትላለች ይቺ ልጅ?"

"እውነቷን ነው ልጄ" አሉ እማሆይ በርኅራኄ። "እኔም ምነው በሕይወት እያሉ ብዬ አዝኜ ነበር።"

ባላምባራስ ጠረጴዛውን ዳር እስከ ዳር አዩት። ስድስት ጊዜ ተወልደው፣ ስድስት ጊዜ ሱቅ ከፍተው፣ ስድስት ጊዜ ይሁዳ ሆነዋል፤ ያውም ስማቸው በቀይ ተጽፎ።

"የኔታ፣ እርስዎ ያውቁ ነበር?"

"ትእዛዝ ነው የፈጸምኩት፣ ባላምባራስ።"

"አንተ ሰውዬ! ዓይን ይጨመር! አሁኑኑ! ማዳም ሳትደርስ!"

ስድስቱ ልጆች ጠረጴዛው ላይ ወጡ። በጎን በተሣለ ፊት ላይ ሁለተኛ ዓይን የት ይደረጋል? ከአፍንጫው ወዲያ ወረቀት እንጂ ፊት የለም። ስለዚህ ያገኙት ቦታ ላይ አደረጉት፤ አንዱ ከፊተኛው ዓይን ሥር፣ አንዱ ጉንጭ ላይ፣ አንዱ ጆሮው አጠገብ። ባላምባራስ ዓሣ ገበያ አሸዋ ላይ የሚዘረጋውን ጠፍጣፋ ዓሣ መሰሉ፤ ሁለት ዓይኑ በአንድ ወገን የሆነውን። ቀለሙ ሳይደርቅ ማዳም ገባች።

ጎንበስ ብላ አየች። መነጽሯን አውጥታ አየች። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። እኔ የይቅርታ ፈረንሳይኛ እያዘጋጀሁ ሳለሁ፣ ዛሬ ፓሪስ ያሉት ትልልቅ ሠዓሊዎች እዚህ ለመድረስ ነው ሌት ተቀን የሚለፉት፤ እነዚህ ሕፃናት ግን ማንም ሳይነግራቸው ደርሰውበታል አለች። ያስተማራቸው ማን ነው ብላም ጠየቀች። የኔታን አሳየኋት። እጃቸውን ይዛ ነቀነቀችው።

"ምን አለች?" አሉኝ የኔታ በሹክሹክታ።

"ሊቅ ነዎት አለች።"

ወዲያው ድምፃቸው ከፍ አለ። "ሊቁ ቀለም የለውም በያት።"

አልኳት። ሣጥን ሙሉ እልካለሁ አለች። ባላምባራስ የሰሙትን ሰምተው ዋጡት፤ ማዳም ሊቅ ያለችውን ሰው ከክፍል ማባረር አይቻልም። ከዚያ ከስድስቱ ጉንጩ ላይ ዓይን ያለበትን መረጠችና ፓሪስ ልትልከው ወሰደችው። እኔ አግዳሚው ሥር ገብቼ የአስካለን አወጣሁላት። ገልጣ "አዎ፣ ይሄ የቤተ ክርስቲያን ነው" ብላ ወዲያው መለሰችልኝ፤ ባርኔጣዋን አስተካክላ ሄደች።

ሰው ሁሉ የሚጠብቀው የማዳም ምርጫ አዲስ አበባ እንዲሄድ ነበር። ባላምባራስ ግን ከእጄ የአስካለን መጽሐፍ ተቀበሉኝ። ከሥዕሉ ጋር እርስ በርስ ይተያዩ ነበር።

"ይሄ እኔ ነኝ?" አሏት።

"አዎ ባላምባራስ።"

"ቅንድቤ እንደዚህ ነው?"

"ትንሽ ይበልጣል።"

መጽሐፉን ከካባቸው ሥር አስገቡት። "ዘነበች፣ ዕቃዋን አሰናጂላት" አሉ። እትዬ ዘነበች የታጠበው ቀሚስ ገና አልደረቀም ብለው አለቀሱ። በዚያ አገር ቀሚስ ለመድረቅ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት እኔም እሳቸውም እናውቃለን።

ሰኞ ጣቢያ ድረስ እትዬ ዘነበች ተከትለውን መጡ። ስንቅ ብለው ቂጣና ዓሣ ሰጡኝ፤ የእናቴን ጠርሙስም ግማሹን አስቀርተው መለሱልኝ፤ "ለመንገድ ነው፤ ባርኔጣ ያለው ሰው ሥር አታስቀምጪው" አሉኝ። ልጃቸውን ሲሰናበቱ የተናገሩት "እዚያ ስምሽን ደጋግመሽ ንገሪያቸው" ብቻ ነው። ባላምባራስም መጡ። ወደ ጥግ ወሰዱኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ስድስቱ በትእዛዝ ነው የሣሉኝ፣ አይደል?"

"በትእዛዝ ነው።"

"እሷ ግን ልቤን አየች። ልጅ አይዋሽም። እስክትጨርስ አስተምራታለሁ፣ ከዚያም በላይ።" ዓይናቸው ረጥቦ ነበር። ሁለቱም።

ባቡሩ ተነሣ። አስካለ እናቷ እስኪጠፉ በመስኮት አየች፣ አለቀሰች፣ ከዚያ ቂጣውን ፈታች። ጥቁሩ ድንጋይ እንደገና ጀመረ። እኔ መቼም ያልገባኝን ነገር ሳልጠይቅ ማለፍ አልችልም።

"አስካለ፣ ባላምባራስን ለምን በሁለት ዓይን ሣልሻቸው? ደግ ናቸው ብለሽ ነው?"

እያኘከች አሰበችበት።

"እኔማ እንደ ሌሎቹ በጎን ልሥላቸው ነበር" አለችኝ። "የጎን አፍንጫ እምቢ አለኝ። ስሠራው ሁልጊዜ የግመል ይሆንብኛል። ብዙ ወረቀት አበላሸሁና የቀረኝ ሲያንስ ፊት ለፊት አደረግኳቸው።" አፏን ጠረገች። "እትዬ ሒሩት፣ እዚያ ትምህርት ቤት የጎን አፍንጫ ያስተምራሉ?"

"ያስተምራሉ" አልኳት። "አንቺ ግን ትምህርትሽን እስክትጨርሺ የሣልሽውን ለባላምባራስ እንዳትልኪላቸው።"